ጠረጴዛ የምትወለውለዋ ሴት

ፊልም ማየት የሚችል ሰው ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ አትድከሙ፤ እኔ አለሁ። ሌላው ሰው ስክሪን ላይ ያፈጣል እንጂ አያይም። እኔ ግን ተዋናይዋ ስታለቅስ እንባው ከየትኛው ዓይኗ ቀድሞ እንደወረደ እነግራችኋለሁ። ማን ማንን እንደሚከዳ ገና ክፍል አንድ ላይ፣ ሻይ ሲቀዳዱ፣ አውቃለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ነው፣ እሱንም ሳልጨርስ፤ ነገር ግን በአስራ ሦስት ዓመቴ የጻፍኩት የድራማ ሂስ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። እስከ አስራ ሁለተኛ ብማር ኖሮ ምን እንደምሆን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ይሄ የዚያ ሂስ ታሪክ ነው። አሁን አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደመወዝ አለኝ፣ የራሴ ቁልፍ አለኝ፣ ጥርሴን ሲያመኝ ብቻዬን ሄጄ አስነቅላለሁ፤ ስለዚህ ትልቅ ሰው ነኝ። ትልቅ ሰው የልጅነቱን ሲያወራ ደግሞ ትንሽ ይታገሡታል።

የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነበር፣ ከእናቴ ታላቅ እህት። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ በመጋረጃ የተከፈለ ጓዳ፣ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ አንድ ቴሌቪዥን። ቴሌቪዥኑ ሰውን ሁሉ አረንጓዴ ያደርግ ነበር፤ ጎኑን በጥፊ ሲሉት ለአሥር ደቂቃ ይድናል። እናቴ የሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ባህር ማዶ ሄደች ተብያለሁ። ፊቷን አላስታውሰውም። ቤት ውስጥ የነበረው ፎቶዋ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጀርባዋ ነው። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ገመድ ላይ ልብስ ስታሰጣ አንድ ሰው ከኋላ ያነሳት። ሰዎች “እናትሽ ምን ትመስላለች?” ሲሉኝ “ጀርባ” እል ነበር። ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ከእነሱ ቀድሜም አቆማለሁ።

አክስቴ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። አንድ ጊዜ ካውያው እጇን ክፉኛ አቃጥሏት “ለሁለት ሳምንት ተኪኝ” ብላኝ ገባሁ፤ ሁለቱ ሳምንት እስከ ዛሬ አላለቀም። የተተኮሰውን ለደንበኞች የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ወደ ፊልም ክበብ የገባሁትም እንዲሁ ነው፤ የከተማችንን ቤተ መጻሕፍት መጋረጃ ተሸክሜ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ እግራቸው የወለቀ ወንበሮች የሚከመሩበት ክፍል አለ። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ስገባ አሥር የሚሆኑ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ተቀምጠው፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ ቴሌቪዥን ላይ ያለ ፊልም አቁመው “ይህ ሰው በሩን ዘግቶ ሲወጣ ለምን ቆም አለ?” ይላሉ። አንዷ “ስላዘነ ነው” አለች። አንዱ “ሚስቱን ስለሚወድ” አለ። መጋረጃው ትከሻዬን እየሰበረው ነበር፤ ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ “ቁልፍ ረስቶ ነው” አልኩ።

ሳቁብኝ። ሰውዬው አልሳቁም።

“ከምን አወቅሽ?”

“ኪሱን ዳሰሰ እኮ። አላያችሁም?”

ወደ ኋላ መለሱት። የፊልሙ ሰውዬ ኪሱን ዳሰሰ። የዩኒፎርሞቹ ሳቅ ጸጥ አለ።

“መጋረጃውን አስቀምጪና ተቀመጪ” አሉኝ።

ስማቸውን ሰው አይጠራውም፤ ሁሉም የሚላቸው ጋሽ ለምን ነው። የመጻሕፍቱን መዝገብ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሂስ መጻፍ ያስተምሩ ነበር፣ ማንም ሳያዛቸው። በሩ ላይ የለጠፉት ወረቀት “ቆንጆ ነው”፣ “ይደብራል”፣ “አሪፍ ነው” ይላል፤ ከእነዚህ አንዱን የጻፈ ልጅ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ይቆማል፣ በቃሉ ፋንታ ያየውን ነገር የሚናገር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይዞ እስኪመለስ። አንድ ትዕይንት ሦስት ጊዜ እናያለን፤ መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው፣ ከዚያ ድምፁን ዘግተን፣ ከዚያ ዓይናችንን ጨፍነን። ከዚያ ጽሑፋችንን ይወስዱና ዳር ዳሩን “ለምን?” “ለምን?” “ለምን?” ብለው ሞልተው ይመልሱታል። አንዴ እንዲህ አሉን፤ “ፍርድ ለመስጠት አትቸኩሉ። እዚያ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ነው የመጣው።” እኔ ይሄን ስሰማ ስለ ትራንስፖርት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

ጎበዝ ነበርኩ። ውሸት ለምን እላለሁ። ግን ከግራዬም ከቀኜም ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ የላውንደሪ መድኃኒት እሸታለሁ። ክፍሉ ሲለቀቅ ልጆቹ ሦስትም አራትም ሆነው፣ እየተገፋፉ ይሄዳሉ፤ እኔ ባዶውን ከረጢት አጣጥፌ በሌላው በር እወጣለሁ። በሌላው በር የምወጣው መንገዱ ስለሚያጥር ነው እል ነበር። አያጥርም። በኋላ በእርምጃ ለካሁት፤ ይረዝማል።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ለምን የቤት ሥራ ሰጡን። ከሚተላለፍ ድራማ ውስጥ ማንም ልብ የማይለውን ነገር ይዘን አምስት ክፍል ተከታትለን አንድ ገጽ እንድንጽፍ። ከሁሉ የተሻለው በቅዳሜው ጋዜጣ የወጣቶች ዓምድ ላይ ይወጣል። የዚያን ዕለት እግሬ መሬት ሳይነካ ነው ቤት የደረስኩት። የእኔ ጽሑፍ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ አክስቴ ሸሚዝ መተኮሷን ትታ ቀና ብላ ስታየኝ ይታየኝ ነበር። ሌላ ነገር አልፈለግኩም።

ምክንያቱም አክስቴ እኔን አይታኝ አታውቅም። አትጣላኝም፣ ታበላኛለች፣ ሲበርደኝ የካውያ ሙቀት ያለበት አንሶላ ታለብሰኛለች። ግን ዓይኗ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው። ዓይኗ ሥራ የሚፈታው በሳምንት አንዴ ነው፣ እሁድ አሥር ሰዓት፣ የእሁዱ ድራማ ሲጀምር።

ድራማው ስለ አንድ ሀብታም ቤተሰብ ነው። ሴት ልጃቸው ፍቅር የያዛት ካፌ ካለው ሰውዬ ጋር ነው፣ ሪዛም፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ። አክስቴ ግን ታሪኩን አታውቀውም። “ልጅቷ ማንን ልታገባ ነው?” ብትሏት “እኔ ምን አውቄ” ትላለች። ሀብታሞቹ ሲጨቃጨቁ ካልሲ ታጣምራለች። ካፌው ሲመጣ ግን ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ ታስጠጋለች፣ ስክሪኑን በእጅጌዋ ትወለውላለች፣ አፏ ውስጥ ያለውን ዳቦ ማኘክ ታቆማለች። ካፌው ሲያልቅ ተነስታ ልብስ ልታስገባ ትወጣለች። ድራማው ገና ግማሽ ነው።

አንዳንዴ ለራሷ ታወራለች። “ከሳች።”

“ማን? ዋናዋ? እሷማ ይሄን ቁም ሳጥን ታክላለች።”

“ዝም ብለሽ እይ።”

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ “ጫማው ይጠባታል። ስትራመድ ያስታውቃል።”

እኔ የዋናዋን ጫማ አያለሁ፤ እግሯ አይታይም እንኳ።

አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ አንሶላ እያጠፍኩ ሳለ እትዬ ዚፕ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፣ የተበላሸ ዚፕ የሚጠግኑ፤ አፋቸውን መዝጋት ግን ለራሳቸውም ከባድ ነው። ሁለቱ በሹክሹክታ ያወራሉ፤ የእትዬ ዚፕ ሹክሹክታ ከሌላው ሰው ንግግር ይበልጣል።

“እስከ መቼ ደብቀሽ ትዘልቂዋለሽ?”

“ምን ብዬ ላውራው? እኔ ራሴ መች አመንኩት? እሁድ በመጣ ቁጥር፣ አይደለም እላለሁ። ከዚያ ይመጣል፣ ልቤ ስንጥቅ ይላል።”

“ደብዳቤውስ?”

“ለጣቢያው ላክሁት። ስም ጽፌ። መልስ የለም።”

“ምን ብለሽ ጻፍሽ?”

“በሬ ክፍት ነው። ያለፈው አልፏል።”

“ወይ አንቺ” አሉ እትዬ ዚፕ፤ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

እኔ አንሶላውን አፌ ውስጥ ወትፌ ሳቅ ሊገድለኝ። አክስቴ ለሪዛሙ የፍቅር ደብዳቤ ጽፋለች። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አንድ ወንድ ቀና ብላ አይታ አታውቅም፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ሪዝ አፍቅራለች። ለቅዳሜ የሚሆን ሂስ በእጄ ገባ አልኩ።

ጻፍኩት። ርዕሱ “አክስቴና ሪዙ” ነበር። ክበቡ ፊት ሳነበው ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ፤ አንዷ ልጅ እየሳቀች ትከሻዬን ነካችኝ። ከዩኒፎርሞቹ አንዷ ስትነካኝ የመጀመሪያው ነው። ጋሽ ለምን ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቁ።

“ያስቃል። እኔም ስቄያለሁ” አሉ።

“አመሰግናለሁ።”

“ማሞገሴ አይደለም። ስለ ድራማው አንድ መስመር የለበትም። ለመሆኑ ሪዛሙን ነው የምታየው ያልሽው ከምን ተነስተሽ ነው?”

“ከዓይኗ።”

“ዓይኗ ስክሪኑ ላይ የት ጋ ነው የሚያርፈው? ግራ ነው ቀኝ? ወደ ላይ ነው ወደ ታች?”

 ኪስ ሲዳሰስ ያየሁት ልጅ የአክስቴ ዓይን የት እንደሚያርፍ አላውቅም።

“እሁድ ድራማውን ተዪውና አክስትሽን እያት” አሉኝ። “ከዚያ እሷ የምታየውን እዪ።”

እሁድ ካልሲ ልደረድር ብዬ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ፊቴን ወደ እሷ አድርጌ ተቀመጥኩ። ካፌው መጣ። ሪዛሙ የሚቆመው መሐል ላይ ነው፣ ባንኮኒው ጋ። የአክስቴ ዓይን መሐል አልነበረም። ግራ ጥግ ነበር፣ ታች። ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሄዳል። ዞር አልኩ። ግራ ጥግ ላይ አንዲት ሴት በጨርቅ ጠረጴዛ ትወለውላለች። ሰሃን ታነሳለች፣ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ትሄዳለች። አንድ ቃል አትናገርም። መጨረሻ ላይ ስማቸው ከሚጻፍ ሰዎች ውስጥ የለችም። ከዚያ ሪዛሙ በአጠገቧ ሲያልፍ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ “ያቺን ጠረጴዛ” አላት። አክስቴ ከንፈሯን ነከሰች።

ገባኝ። ቀንታለች። ምስኪን አክስቴ፣ በእሷና በሪዙ መካከል የቆመችው ይህች ጨርቅ ይዛ የምትዞር ሴት ናት።

አሁን ይሄን ስጽፍ ብዕሬን አስቀምጬ ሁለት ጊዜ ወጣ ብዬ ተመልሻለሁ። ያኔ ግን ደስ ብሎኝ እጄን አፋተግኩ። አክስቴን ልረዳት ነው። በብዕሬ ያቺን ሴት ከመንገዷ አስወግድላታለሁ፣ ከዚያ አክስቴ ቀና ትልና ታየኛለች።

አምስት እሁድ ተከታተልኳት። እንዲህ አድርጌ ማንንም አይቼ አላውቅም። የጻፍኩት እስከ ዛሬ በቃሌ ነው፤

“በካፌው ውስጥ ስም የሌላት ሴት አለች። በአምስት ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ጠረጴዛ ወልውላለች፤ አሥራ አራቱም አስቀድመው የጸዱ ነበሩ። ጨርቁን ሁልጊዜ በግራ እጇ ትይዛለች። ብርጭቆ ከላይኛው መደርደሪያ ልታወርድ ሁለት እጇን ስትዘረጋ ጀርባዋ እንደ ሳንቃ ደረቅ ነው፤ ብርጭቆ የምታወርድ ሳይሆን ገመድ ላይ ልብስ የምታሰጣ ትመስላለች። ከሁሉ የሚብሰው ግን፣ ሥራዋን አቋርጣ ቀና ትልና ካሜራውን ታያለች። ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ከእኛ መሐል አንድ ሰው እንደምትፈልግ። ይህ ተመልካቹን ከታሪኩ ያወጣዋል። ድራማው ሥራውን የምታውቅ ሰው ይፈልጋል። ይህችን ሴት ያሰናብቱልን።”

ጋሽ ለምን ሲያነቡ ቆዩ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር አደረጉ። “ካሜራውን ታያለች” ከሚለው ጎን “ለምን?” ጻፉ። የመጨረሻውን መስመር ሰረዙት።

“ለምን ታያለች?” አሉኝ።

“ስለማትችል።”

“ይሄ ፍርድ ነው። እኔ የጠየቅኩሽ ምክንያት ነው።”

“ሌላ ምክንያት የለም፣ ጋሼ።”

“እሺ፣ ይሄን እያሰብሽ ቆዪ። ጽሑፉ ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ገልብጠሽ በፖስታ አሽጊና አምጪው። የመጨረሻውን መስመር ትተሽ። ሰው በአንድ መስመር አይባረርም።”

ገለበጥኩት። ቤት ውስጥ፣ በአክስቴ መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ፣ ባለኝ ቆንጆ ጽሕፈት። የመጨረሻው መስመር ጋ ስደርስ ቆምኩ። ያለ እሱ ምን ይረባታል? መልሼ ጻፍኩት፣ አሸግሁት። እሳቸው ፖስታውን ሳይከፍቱ ላኩት። አምነውኝ ነው። ይሄን የምለው ዛሬ ነው፤ ያኔ ያልኩት “ሸወድኳቸው” ነው።

ጋዜጣው በወጣ ቅዳሜ ጋሽ ለምን ለክበቡ ጮክ ብለው አነበቡልን። መጨረሻው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ። ጋዜጣውን አጠፉት።

“ይሄ መስመር እኔ ጋ አልነበረም።”

“ረስቼ ነው።”

“ለምን?” አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ሳይሆን ሐዘን መሰለኝ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ትከሻዬን የነካችኝ ልጅም።

ያም ቢሆን ጋዜጣውን ይዤ ላውንደሪ በረርኩ። አክስቴ የአንድ ሰውዬ ሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሰች ነበር። ቆሜ አነበብኩላት፣ እንደ ዜና አንባቢ። ቀና አላለችም። ስጨርስ፣

“ካሜራውን ታያለች ብለሽ ነው የጻፍሽው?” አለች።

“አዎ። ትልቁ ስህተቷ እሱ ነው።”

“ስንት ጊዜ አልሽ?”

“ሰባት።”

“ሰባት” አለች። “እኔ ሦስት ነው ያየሁት።” ከዚያ የጨርቅ ቃጠሎ ሸተተን፤ ካውያው ኮሌታው ላይ ቆሞ ነበር። ያን ቀን ዝም ያለችው ስለ ሸሚዙ አለቃዋን ፈርታ ነው ብዬ ተኛሁ።

ከአራት ሳምንት በኋላ ካፌው ውስጥ ጠረጴዛ የምትወለውለው ሌላ ሴት ሆነች። ወጣት፣ ፈገግታ የምታበዛ። አክስቴ ግራ ጥግ ላይ አፍጥጣ ጠበቀች። በሚቀጥለው እሁድም። በሦስተኛውም። እኔ ውጤቱን የምታደንቅልኝ መስሎኝ እጠብቃለሁ። በአራተኛው እሁድ አልቻልኩም።

“ያችኛዋን እኔ ነኝ ያስባረርኳት” አልኳት። “ለአንቺ ብዬ። ገብቶኛል እኮ ነገሩ። አሁን ሪዛሙን እንደልብሽ እዪው።”

አክስቴ ዞረች። በሕይወቴ ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ነገር ሆነ፤ አየችኝ። ረጅም ጊዜ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። ከዚያ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። መሳቢያውን ከፍታ የልብስ ማስጫውን ፎቶ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

“የጻፍሽውን በይ” አለች።

“የቱን?”

“ስለ ጀርባዋ።”

በቃሌ ነው የማውቀው። እንደ ሳንቃ ደረቅ ነው አልኩ። ገመድ ላይ ልብስ የምታሰጣ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላልኩም።

አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠባሳ ያለበትን እጇን እያሻሸች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ነገረችኝ። እናቴ ባህር ማዶ ሄድኩ ብላ ሁለት ደብዳቤ ጽፋ ዝም ብላለች። ለዓመታት ዝም። ከዚያ አንድ እሁድ አክስቴ ካልሲ እያጣመረች ቀና ስትል፣ ያቺ ባህር ማዶ ያለችው እህቷ፣ በአውቶቡስ አንድ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ጠረጴዛ ትወለውላለች።

“ለአንቺ ምን ልበልሽ?” አለችኝ። “እናትሽ ሩቅ ስለሆነች ነው የማትመጣው ነበር ያልኩሽ። ቅርብ ሆና ነው የማትመጣው ልበልሽ?”

ቴሌቪዥኑ እንደጠፋ ሰነበተ። ክበቡ ጋ አንድ ጊዜ ሄድኩ፣ ኮሪደሩ ድረስ። ጋሽ ለምን ቢጠይቁኝ መልስ ነበረኝ፤ ግን ከበሩ ኋላ ልጆቹ ሲስቁ ሰማሁና መጋረጃ አድርሶ እንደሚሄድ ሰው ተመለስኩ። እሳቸው ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ላውንደሪ መጥተው “ያቺ ልጅ የት ናት?” ብለዋል። ሁለቱንም ጊዜ ከተንጠለጠሉት ካፖርቶች ኋላ ነበርኩ።

ስድስት ዓመት። እናቴን ከሥራ ያስባረርኩ ልጅ ሆኜ ስድስት ዓመት ኖርኩ። የማልናገረው ነገር ግን አለ፤ ጸጸቱ ውስጥ ጣፋጭ ነገር ደብቄ ነበር። ሰባት ጊዜ። ሰባት ጊዜ ሥራዋን አቋርጣ ቀና ብላ ወደ እኛ አይታለች። የጋሽ ለምንን “ለምን ታያለች?” መለስኩት አልኩ። እኔን ፍለጋ ነው። ማታ ስተኛ ሰባቱንም በየተራ አስታውሳቸው ነበር።

ባለፈው ወር የረጅም መንገድ ሾፌር የሆነ ደንበኛችን ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ አክስቴን ትኩር ብሎ አያት። “በዋናው መናኸሪያ፣ መስኮት ሦስት ላይ ትኬት የምትሸጥ ሴት አለች” አለ። “ቁርጥ አንቺን።” እንግዲህ ይሄ ሰው ሂስ ተምሮ አያውቅም። ሾፌር ነው። እኔ አምስት እሁድ በወረቀትና በእርሳስ ያላየሁትን፣ ሱሪ ሊወስድ መጥቶ አየው።

አክስቴ ያን ማታ ሸሚዜን ተኮሰችልኝ። “አብረን እንሂድ” ብላት “እኔ አይቻታለሁ” አለች። “አንቺ ሂጂ።”

መናኸሪያው ትልቅ ነው፤ ድምፅ ማጉያው የሚለው አይሰማም። መስኮት ሦስት ፊት ያለው ሰልፍ ውስጥ ቆምኩ። ከመስታወቱ በላይ የተጻፈውን አነበብኩ፤ የእኛ ከተማ መስመር ነው። በየቀኑ ወደ እኛ ትኬት ትቆርጣለች። ተራዬ ሲደርስ ቀና ሳትል “ስንት ሰው?” አለችኝ።

“አንድ” አልኳት። “የእህትሽ ልጅ ነኝ እንዳልልሽ፣ የአንቺው ነኝ።”

ይህችን አባባል መንገድ ላይ አዘጋጅቻት ነበር። አስቂኝ ትሆናለች ብዬ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ “ሴትዮ ፍጠኑ እንጂ” አለ። እናቴ አየችኝ፣ ከዚያ ሰልፉን አየች፣ ከዚያ “አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቂኝ፤ ዕረፍት አለኝ” አለች።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሁለት ሻይ ይዛ መጣች። የአክስቴን ፊት የያዘች ሴት ናት፣ እሳት ያልነካው እጅ ያላት። ብርጭቆውን በግራዋ ያዘች። ምን እንደምላት ስለማላውቅ ስለ ደብዳቤው ጠየቅኳት፤ ያ ለጣቢያው የተላከው።

“ደርሶኛል” አለች።

“ታዲያ?” አልኳት።

“ባህር ማዶ ነኝ ካልኩ በኋላ፣ ከካፌ ውስጥ ምን ብዬ ልመልስ? ያውም ከውሸት ካፌ።” ሻይዋን እፍ አለችበት። “በኋላ ደግሞ ዘገየ። ከዘገየ ወዲያ ከባድ ነው።”

ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ክበቡን፣ ሪዙን፣ ፖስታውን፣ የመጨረሻውን መስመር። ያስባረርኩሽ እኔ ነኝ አልኳት።  “ግን አንድ ነገር አይቻለሁ” አልኳት። “ማንም ያላየውን። ሰባት ጊዜ ቀና ብለሽ አይተሽኛል። ስህተት ነው ብዬ ጽፌያለሁ፤ ስህተት እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ።”

እናቴ ብርጭቆዋን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። ፊቷ አልተቆጣም፣ አልራራም። የተሳሳተ ቀን ትኬት ይዞ ለመጣ ሰው እንደሚነገረው አድርጋ ነገረችኝ።

“ማንም አላባረረኝም፤ ይሄን ሥራ ሳገኝ ተውኩት። ጋዜጣሽንም ያየው ሰው የለም። አንቺንም አላየሁሽም፤ ከካሜራው በላይ የግድግዳ ሰዓት ነበር፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ እሱን ነው የማየው።”